የዓሦቹ ቀለብ በፍሪዘር ውስጥ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን እቤታቸው አኳሪየም ላላቸው ሰዎች ነው። የሌላችሁም ብትሆኑ ሬዲዮኑን አትዝጉት። ዓሦቹ ያለቁበት የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ ምክንያቱን ስትፈልጉለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ምግቡ ላይ ነው።

በከተማችን የአኳሪየም ዓሣ የሚቀለበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ ምግብ ነው። ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ከትልቁ ቆርቆሮ እየቀነሰ በትንንሽ ፌስታል ያካፍለዋል፤ መቼ እንደተሠራ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የተጻፈበት ነገር የለም። ቫይታሚን ሲ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ የሚጠፋ ነው። አብዛኞቹ ዓሦች ይህን ቫይታሚን በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም፤ ከምግብ ካላገኙት ቁስላቸው ቶሎ አይድንም፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ አከርካሪያቸው ይጣመማል። ስለዚህ በፌስታል ታስሮ መስኮት ላይ ወራት የቆየ ምግብ ዓሣውን ቢያጠግበውም የሚያበረታው አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ዳቦ ነው። ልጆች ይወዱታል፤ ዓሦቹም ሲሻሙ ማየት ደስ ይላል። ዳቦ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይበታተናል፤ የተረፈው ደግሞ በማግስቱ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል። እንጀራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ገበያ ላይ ካለው ዓሣና አትክልት እቤት መሥራት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በየቀኑ ቁራሽ ቁራሽ እያነሱ መስጠት። ይህን ስናገር መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ "ምን ምን ይገባበታል? መጠኑስ ስንት ስንት ነው?" የሚል ነው። መጠኑን እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ለሁሉም ዓሣ የሚሆን አንድ አሠራር ስለሌለ መጀመሪያ ስለ ሆዳቸው እንነጋገር።

ጎልድፊሽን እንውሰድ፤ በየቤቱ የምናየው እሱ ነውና። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ እያራቡ እዚህ ያደረሱት ዓሣ ሲሆን የካርፕ ወገን ነው። እንደ ወገኖቹ ሁሉ ጨጓራ የለውም፤ የዋጠው ምግብ በቀጥታ አንጀቱ ውስጥ ይገባል። ጨጓራ የሌለው እንስሳ ምግብ የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህም በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጭቃውንና ተክሉን እየለቀመ ትንሽ በትንሽ ይበላል። በቀን አንዴ ብዙ ብትሰጡት ጥቂቱን ይጠቀምበታል፤ ሌላው በደንብ ሳይፈጭ ወደ ውሃው ይመለሳል። እሱ ግን ስላልጠገበ መለመኑን አይተውም። እኛም ያሳዝነንና እንጨምርለታለን።

ኦስካር የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ሌላ ነው። ጨጓራ አለው፤ ነፍሳት፣ ሸርጣን፣ ትንንሽ ዓሣ የሚበላ ነው። ለእሱ አትክልት የምትሰጡት ለማሟያ ያህል ነው። የማላዊ ሐይቅ ባለቀለም ሲክሊዶች ደግሞ፣ ምቡና የሚባሉት፣ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ አልጌ እየፋቁ የሚኖሩ ናቸው። አንጀታቸው ረጅም ነው። እነዚህን ሥጋ በሥጋ ስታደርጓቸው ሆዳቸው የሚነፋ በሽታ ይይዛቸዋል፤ ያረቧቸው ሰዎች ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው። መስታወት ላይ ተለጥፎ የምታዩት ፕሌኮ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ዝኩኒ በስሱ ቆርጣችሁ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነከር አድርጋችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ብታስቀምጡለት ይበቃዋል። ጉፒና ሞሊም አረንጓዴ ነገር የሚወዱ ናቸው።

እንግዲህ አኳሪየማችሁ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ወደ ገበያ እንሂድ።

(አጭር ሙዚቃ)

በውጭ አገር የተጻፉ አሠራሮችን ያነበበ ሰው የሚያገኘው የባሕር ምግብ ነው፤ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ የባሕር ዓሣ። ሁሉም በጥሬው ተፈጭቶ ይቀዘቅዛል። ያ ለእነሱ ይሠራል። የእኛ ዓሣ ቤቶች ግን በብዛት የሚሸጡት የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ፣ ከጣና የሚመጣ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው፣ ራሱ ሲክሊድ ነው፤ የኦስካር፣ የአንጀል ፊሽ፣ የምቡና ዘመድ ነው። ቢልጫ ደግሞ የጎልድፊሽ ዘመድ ነው። የዘመድ በሽታ ለዘመድ ይተላለፋል። የዓሣ ቲቢ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ፍሪዘር አይገድለውም። ማቀዝቀዝ ብዙ ጥገኛ ትላትሎችን ይገድላል፤ ለሰው ምግብ የወጣው መመሪያም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቆየት ይላል። ባክቴሪያ ግን በረዶ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሲሞቅ ይነሣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ካርፕን ጨምሮ በአንዳንድ ዓሦች ጥሬ ሥጋ ውስጥ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ቫይታሚን ቢ አንድን ማፍረስ ነው። ይህ የታወቀው በዓሣ ላይ አልነበረም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ፣ ለጸጉራቸው ሲባል ቀበሮ የሚያረባ ሰው ነበር። ቀበሮዎቹን ጥሬ ካርፕ ሲያበላቸው መንገዳገድ ጀመሩ፤ ከዚያም ሽባ እየሆኑ ሞቱ። በሽታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ እርባታ ባለቤት ስም ነው፤ የቻስቴክ ሽባነት ይባላል። ኋላ እንደታወቀው ቀበሮዎቹ የሞቱት መርዝ በልተው አይደለም። ጥሬው ዓሣ የምግባቸውን ቫይታሚን ስለሚያጠፋባቸው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ዓሣው ሲበስል ኢንዛይሙ ይጠፋል። ካርፕ ዛሬ በቆቃም በብዛት የሚያዝ ዓሣ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የእኔ ምክር አንድ ነው፤ የሐይቅ ዓሣ ቀቅላችሁ ስጡ። ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ። ውሃው ሲፈላ ይግባ፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ሲለቅ ይውጣ። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ ትንሽ ቆይተን እንፈልገዋለን። ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ የባሕር ሽሪምፕ መግዛት የሚችል ሰው ጥቂት ከነቅርፊቱ ቢጨምርበት መልካም ነው፤ ካልቻለ ግን ምግቡ ጎደለ አልልም።

ፊሌቶ መግዛትም አያስፈልግም። ፊሌቶ ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱና አጥንቱ ላይ የሚቀር ሥጋ አለ፤ ለዚህ ሥራ እሱ ይበቃል። ዓሣ ቤት ሄዳችሁ፣ "ጋሼ፣ ከፊሌቶው የተረፈውን ይሸጡልኛል? ለዓሣ ምግብ ፈልጌው ነው" በሉ። "ለዓሣ? ዓሣ ለዓሣ?" ብለው ይስቁባችኋል። ሳቁ ርካሽ ዋጋ ያስገኛል። በጾም ወራት ግን አትሂዱ፤ በተለይ በሁዳዴ ገበያው ስለሚደራ ጥራጊውም ይወደዳል።

"የበሬ ልብ አይሆንም ወይ?" የሚል አድማጭ መኖሩን አውቃለሁ። ዲስከስ የሚባለውን የአማዞን ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የበሬ ልብ እየፈጩ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ዓሣውም ይፋፋበታል። ልብ ከሌላው ሥጋ የሚመረጠው ጮማው ከላይ ስለሆነ ተገፎ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ሆኖም የበሬ ስብ የሚቀልጠው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የአኳሪየም ውሃ ደግሞ ቢበዛ 30 ዲግሪ ነው፤ የዓሣው ሰውነትም ያው የውሃው ሙቀት ነው። ስለዚህ ያ ስብ ዓሣው ሆድ ውስጥ እንደረጋ ይቀራል። ልብ ልትሰጡ ከፈለጋችሁ ስቡን፣ ጅማቱንና ቱቦውን አንድ ሳታስቀሩ አጽዱ፤ ለኦስካርና ለዲስከስ ብቻ ስጡ፤ ለጎልድፊሽና ለምቡና አትሞክሩት። እኔ ግን ዓሣ እያለ የበሬ ልብ ላይ መድከም አይታየኝም።

አሁን ወደ አትክልቱ። እሸት አተር፣ ካሮት፣ ቆስጣ ወይም ጎመን። አተሩ ይቀቀልና ቅርፊቱ ይውጣለት፤ ሌላው ደግሞ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ጥሬ አትክልት ዓሣ አይጎዳም፤ ነገር ግን የተክሉ የሕዋስ ግድግዳ ጠንካራ ስለሆነ ያልበሰለው ብዙው እንደገባ ይወጣል።

ካሮቱን የማስገባው ለቀለምም ጭምር ነው። ዓሣ ቀይና ብርቱካናማ ቀለሙን ከባዶ መሥራት አይችልም፤ መነሻውን ከሚበላው ነው የሚያገኘው። ካሮቲኖይድ ከሚባሉት ቅመሞች፣ ከካሮት፣ ከአልጌ፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት። አብያታ ሐይቅ ዳር የምናያቸው ፍላሚንጎዎችም ሮዝ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚበላው ስፒሩሊና የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ስፒሩሊና ዛሬ በዓለም ገበያ ለዓሣ ምግብ በዱቄት መልክ የሚሸጥ ውድ ነገር ሲሆን፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘበትን ቀለም የሚሰጠውም እሱ ነው፤ ከሻላ አጠገብ በጭቱ ሐይቅም አለ። ይህን የሰማ ሰው ጀሪካን ይዞ እንዳይሄድ አደራ። በዱር ውሃ ውስጥ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ዓይነቶች አብረው ሊበቅሉ ይችላሉ፤ በዓይን ደግሞ አይለዩም። ዱቄቱን ካገኛችሁ ግዙ፤ ካላገኛችሁ ካሮቱና ቆስጣው ድርሻቸውን ይወጣሉ።

ቀይ ዛላ በርበሬም ለቀለም ይሆናል፤ የውጭ ዓሣ አርቢዎች ይጠቀሙበታል። በድልህና በተዘጋጀ በርበሬ ግን አትሞክሩ፤ ጨው፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ምኑ ቅጡ ያለበት ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ምግብ ያስወድዳል ብለው ጥቂት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። ያ ግድ የለም፤ መድኃኒት ነው የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ ለጎልድፊሽ የሚሆን ግማሽ ኪሎ እንሠራለን።

የተቀቀለ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ 150 ግራም። የተቀቀለ የተላጠ አተር 150 ግራም። ካሮት 50 ግራም፣ ቆስጣ 50 ግራም። ዓሣው የተቀቀለበት ውሃ 100 ሚሊ ሊትር፤ ትንሿ የቡና ስኒ ተኩል ገደማ ይሆናል። ጣዕም የሌለው፣ ስኳርና ቀለም ያልገባበት ጄላቲን 15 ግራም። ለኦስካር ከሆነ ዓሣውን ወደ 350 ግራም ከፍ አድርጋችሁ አትክልቱን ሁሉ በ50 ግራም ወስኑት። ለምቡና ገልብጡት፤ ዓሣው ከ80 ግራም አይለፍ፣ የቀረው አረንጓዴ ይሁን፤ ስፒሩሊና ካለ 10 ግራም።

ዓሣውንና አትክልቱን በብሌንደር ፍጩት። ዓሦቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ እስኪልም፣ ትልልቅ ከሆኑ ሸካራ እንዳለ ተዉት። አጥንት መኖር አለመኖሩን በጣታችሁ ዳስሱ።

ጄላቲኑን አሁን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ደረቁን ዱቄት ፍል ውሃ ላይ ከነሰነሳችሁት ከላይ ይጓጉላል፣ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ከቀዘቀዘው የዓሣ ውሃ ግማሹ ላይ ነስንሱት፤ አምስት ደቂቃ ይጠጣ። ከዚያ የቀረውን ውሃ አሙቃችሁ ጨምሩበት፤ ይሟሟል። መፍላት የለበትም። ይህን ከተፈጨው ጋር አዋሕዱት። ጥሬ ፓፓያና አናናስ ግን አታስገቡ፤ በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ጄላቲኑን ስለሚፈታው ዓመት ብትጠብቁት አይረጋም።

ጄላቲን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ ለሌለው የጎልድፊሽ አኳሪየም ምንም ችግር የለበትም። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላሉ፣ ውሃቸውን 29 ዲግሪ ለሚያደርጉ የዲስከስ አርቢዎችም፣ ቁራሹ ሳይበላ ይልማል። ለእነሱ የሚሻለው ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር አጋር ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ከ5 እስከ 6 ግራም ይበቃል፤ አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። እሱን ግን ማፍላት ግድ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ የተነሣ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ጥቂት ጨምሩበት። ከእንስሳ የተሠራ ጄላቲን እቤቱ ማስገባት ለማይፈልግ ሰውም አጋር አጋር መፍትሔ ነው።

ጄላቲን ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ግን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ ክፍል የሌለው ጎደሎ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ጄላቲን በዛ ማለት ምግቡ በለጸገ ማለት አይደለም፤ ሥራው ማያያዝ ነው።

ድብልቁ እጅ የማያቃጥል ሲሆን፣ ቫይታሚን የምትጨምሩ ከሆነ ጊዜው ያኔ ነው። አንዳንድ አርቢዎች ለሕፃናት የሚሸጠውን ፈሳሽ ቫይታሚን ጥቂት ጠብታ ያደርጉበታል። ትኩስ እያለ ብትጨምሩት ሙቀቱ ይበላዋል።

አሁን ማቀዝቀዝ። ሰው ሁሉ የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ያነሣል፤ እኔ አልመርጠውም። የበረዶ ቁራጭ ለአንድ ቤት አኳሪየም ይበዛል፤ ለመቁረጥ ስትታገሉ ደግሞ ሌላው ይሟሟል፣ በመጨረሻም "እንግዲህ ሁሉንም ልስጠው" ይመጣል። ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ደልድሉት፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። አየሩን ለማስወጣት፣ አፉን ከላይ አስቀርታችሁ ከረጢቱን ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አጥልቁት፤ ውሃው ራሱ አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል፤ ከዚያ ዝጉት። አየር ያስወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓሣ ስብ ፈጥኖ የሚጠነዛ ዓይነት ነው፤ ፍሪዘር ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

ስሱ ንጣፍ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቶሎ የቀዘቀዘ ነገር ውስጥ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ደቃቅ ነው። ወፍራሙ ግን ቀስ እያለ ስለሚቀዘቅዝ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራና የሥጋውን ሕዋሳት ይቀድዳል፤ ሲሟሟ ጭማቂው ሁሉ ይፈስሳል። ያ ጭማቂ ዓሣው ሊበላው የሚገባ ነበር፤ አሁን ውሃ አበላሺ ሆነ።

ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ጠንከር ሲል አውጡትና በቢላ ጀርባ ከረጢቱ ላይ መስመር አስምሩበት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሁለት ሴንቲ ሜትር። መልሱት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በመስመሩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰበራል። እያንዳንዱ ቁራሽ ሁለት ግራም ገደማ ነው።

ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ "የዓሣ ምግብ" ብላችሁም በትልቁ ጻፉ። የቤት ሠራተኛዋ ወይም አማታችሁ ሾርባ ላይ ብትጨምረው ማንም አይሞትም፤ ጠቡ ግን ይከብዳል። በሦስት ወር ውስጥ ጨርሱት። ቢጫ ቀለም ካወጣ ወይም የከረመ ዘይት ከሸተተ ጣሉት።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ አመጋገቡ። ምግቡን በትክክል ሠርቶ ዓሦቹን በዚያው ምግብ የሚገድል ሰው ብዙ ነው።

የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ዓሣውም ራሱ የበላውን ፕሮቲን አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። ፊልተሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህን ሲሠሩ ግን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። የሚበሰብሰው ምግብም እንዲሁ። በባሕር ጠለል ላይ ባለ ከተማ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2400 ሜትር ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሩብ ያህሉን ገና ሳንጀምር አጥተናል ማለት ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ "በቀን ሦስት ጊዜ መግቡ" የሚል ስታነቡ ይህን አስቡ።

በዚህ ላይ መብራት ይጠፋል። ፓምፑ ይቆማል፣ ፊልተሩ ይቆማል። ማታ ራት ሰጥታችሁ መብራት ከጠፋ፣ ሌሊቱን ዓሦቹና የሚበሰብሰው ምግብ ያችን ያለችዋን ኦክስጅን ይሻማሉ። ስለዚህ ዋናውን ምግብ ጠዋት ስጡ፤ ሰፈራችሁ መብራት የሚቆራረጥበት ከሆነ ማታ መስጠቱን ጭራሽ ተዉት። መብራት በጠፋበት ሰዓት ምግብ አትስጡ፤ እስኪመጣ ቢራቡ ምንም አይሆኑም።

መጠኑን በተመለከተ፤ የጣት ርዝመት ላላቸው ሁለት ጎልድፊሾች በአንድ ቁራሽ ጀምሩ፤ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት። ቁራሹን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ትንሽ ስኒ ውስጥ አምስት ደቂቃ አሟሙት፤ ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ቁራሹን ብቻ አስገቡ፣ ውሃውን ድፉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካለቀ መጠኑ ልክ ነው። መሬት ላይ የተረፈ ካለ በቱቦ ሳቡና ነገ ቀንሱ። እንዲህ ያለው እርጥብ ምግብ ከደረቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚፈርስ የተረፈውን ለነገ አትተዉት። አዲሱን ምግብ መጀመሪያ ላይ አኝከው ሊተፉት ይችላሉ፤ አንድ ቀን አስጹሟቸውና ደግማችሁ ሞክሩ።

ክረምት ሲገባም ቀንሱ። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። በነሐሴ ብርድ ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም ሲቀዘቅዝ የምግብ መፍጨቱም ይዘገያል፤ ፀሐይ ሲወጣ፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

ከነካካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ። ከዓሣና ከአኳሪየም ውሃ ወደ ሰው ቆዳ የሚገባ፣ ለመዳን ወራት የሚፈጅ ባክቴሪያ አለ።

ስለ መብራት ካነሣን ፍሪዘሩንም እንጨርስ። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት። ባዶ ቦታ ካለ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደርድሩበት። መብራት ሲመጣ ከረጢቱን ጨበጥ አድርጉት፤ አሁንም ደረቅ ከሆነ ወይም በረዶ ካለበት ደህና ነው። ለስልሶ ካገኛችሁት መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ለዛሬ የሚበቃችሁን ሰጥታችሁ ሌላውን ጣሉ። ግማሽ ኪሎ እንሠራለን ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ጥራጊ ዓሣና አንድ ጭብጥ አተር ቢጣል ያን ያህል አያንገበግብም።

በመጨረሻ፣ ክፍለ ሀገር ለምትሄዱ። ጤነኛ፣ ያደገ ዓሣ ሳምንት ያህል ያለ ምግብ ይቆያል፤ ለአራት አምስት ቀን ጉዞ ማንንም አደራ አትበሉ። ከዚያ ከረዘመና ለጎረቤት መስጠት ካለባችሁ፣ ከረጢቱን እንዳለ አታስረክቡ። የየቀኑን ቁራሽ በፎይል ለብቻ ለብቻ ጠቅልላችሁ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ብላችሁ ጻፉበት። የቀረውን ከሥጋው ሥር ደብቁት፤ ልጆቹ ካገኙት "ርቧቸዋል" ብለው በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)